የዲጄ ሚክስ ኮምፒውተር ላይ በጥራት እንዴት ይቀዳል?

ጎበዝ ዲጄ ሞልቶናል። ዘፈን ይመርጣሉ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገሩ መገጣጠሚያው አይታወቅም፣ ሰው ከመቀመጫው የሚነሳበትን ሰዓት ያውቁታል። ሚክሳቸውን ቴሌግራም ላይ ከፍታችሁ ስትሰሙት ግን ቤዙ ይንጣጣል፣ ዘፋኙ ከጉድጓድ ውስጥ የሚጮህ ይመስላል፣ አንዳንዴም በአንድ ጆሮ ብቻ ነው የሚሰማው። ይሄ ነገር ከልብ ያሳዝነኛል። ያ ሁሉ ልፋት የሚበላሸው ችሎታ ስለሌለ ወይም ብር ስለጠፋ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ኬብሉ ያለቦታው ተሰክቷል፣ ወይም ጌይኑ (የሚገባውን ድምፅ የሚያጎላው ማዞሪያ) ከልክ በላይ ተከፍቷል። በቃ።

የሚክስ ጥራት የሚወሰነው የሪከርድ ቁልፉን ከመጫናችሁ በፊት ነው። ከተቀዳ በኋላ ትንሽ ማስተካከል ይቻላል፤ የተሰባበረ ድምፅ ግን አይመለስም። ስለዚህ እዚህ ላይ ብዙ የማወራው ስለ ዝግጅቱ ነው።

በኮንትሮለር የምትጫወቱ

በኮንትሮለር፣ ማለትም የዲጄ ፕሮግራም በሚታዘዝበት ሰሌዳ፣ እና በላፕቶፕ ብቻ የምትጫወቱ ከሆነ ግማሹ ሥራ አልቆላችኋል። ሴራቶም፣ ሪኮርድቦክስም፣ ትራክቶርም፣ ቨርቹዋል ዲጄም የራሳቸው መቅጃ አላቸው። ድምፁ ከፕሮግራሙ ሳይወጣ እዚያው ፋይል ስለሚሆን መሀል ላይ የሚያበላሸው ኬብል የለም። ከሄድፎን ቀዳዳ ኬብል አውጥቶ መልሶ ማይክ ቀዳዳ ውስጥ መሰካት ለእናንተ አያስፈልግም፤ ስልክ ስፒከር ፊት አስቀምጦ መቅዳትማ ጭራሽ አይታሰብም። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ፋይሉ በዋቭ (ድምፁ ሳይጨመቅ በሚቀመጥበት ፎርማት) እንደሚቀመጥና የትኛው ፎልደር ውስጥ እንደሚገባ እዩ፣ ከዚያ ጀምሩ።

ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። አንደኛ፣ አንዳንድ ኮንትሮለሮች ላይ ማይኩ ወደ ኮምፒውተሩ አይገባም፤ በቀጥታ ወደ ስፒከር ነው የሚያልፈው። ሰርግ ላይ "እልል በሉ" ስትሉ ያመሻችሁት ፋይሉ ላይ አንዱም ላይኖር ይችላል፣ ስለዚህ ቀድማችሁ ሞክሩት። ሁለተኛ፣ ዘፈኑን ከስትሪሚንግ አገልግሎት በቀጥታ እየሳባችሁ የምትጫወቱ ከሆነ ሴራቶም ሪኮርድቦክስም መቅጃቸውን ይዘጋሉ፤ ጉዳዩ የመብት ነው። ሊቀዳ የታሰበ ሚክስ የራሳችሁ በሆነ ፋይል ይሠራ።

ሚክሰር ላላችሁ፦ ከየት ይውጣ፣ የት ይግባ

ሲዲጄ (የፓዮኒር ዲጂታል የዘፈን ማጫወቻ) ወይም የሸክላ ማጫወቻ ከሚክሰር ጋር የምትጠቀሙ ደግሞ መጀመሪያ ከሚክሰሩ ጀርባ ያሉትን መውጫዎች ተመልከቱ። "ሬክ አውት" የሚል ካለ እሱን ተጠቀሙ። የተሠራው ለዚህ ነው። ፓዮኒር ዲጄኤም ሚክሰሮች ላይ ሬክ አውት የማስተሩን (ወደ ስፒከር የሚሄደውን ጠቅላላ ድምፅ) ማዞሪያ አይሰማም፤ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ የቤቱ ባለቤት መጥቶ "ጎረቤት ተቆጣ፣ ቀንሱት" ሲላችሁ ማስተሩን ብትቀንሱ የምትቀዱት ድምፅ አይነካም። ከማስተር መውጫ የምትቀዱ ከሆነ ግን ያች ቅነሳ ለዘላለም ፋይሉ ላይ ትኖራለች። ሬክ አውት ከሌለ "ቡዝ" የሚለውን (ለዲጄው መስሚያ ስፒከር የተሠራውን መውጫ) ሞክሩ፤ የራሱ ማዞሪያ ስላለው አንዴ አስተካክሎ መተው ይቻላል፣ ለራሳችሁ መስሚያ እስካልተጠቀማችሁበት ድረስ። የሄድፎኑን ቀዳዳ እርሱት። እዚያ የሚወጣው እናንተ ለብቻችሁ የምታዳምጡት ነው።

ሚክሰሩ የዩኤስቢ ቀዳዳ ካለውና ውስጡ ሳውንድ ካርድ ካለ፣ ለምሳሌ እንደ ዲጄኤም 900 ኔክሰስ 2፣ ሌላ ምንም ዕቃ አያስፈልግም። ድራይቨሩን ጫኑ፣ በዩኤስቢ ኬብል አገናኙ፣ ከሚክሰሩ ሴቲንግ ላይ ወደ ኮምፒውተሩ የሚሄደው ሬክ አውት እንዲሆን ምረጡ። ቀጥሎ ወዳለው የጌይን ጉዳይ ዝለሉ።

ሌሎቻችን ኬብል እናወጣለን። ጥያቄው ኬብሉ ላፕቶፑ ላይ የት ይገባል ነው፤ ብዙ ሚክስ የሚሞተውም እዚህ ጋ ነው። የአሁኑ ዘመን ላፕቶፕ ላይ ያለችው አንዷ ትንሽ ቀዳዳ ለስልክ ሄድፎን የተሠራች ናት። በእሷ በኩል የሚገባው የማይክ ድምፅ ብቻ ነው፣ እሱም ሞኖ፣ ግራና ቀኝ ያልተለየ። ማይክ የሚያወጣው ሲግናል እጅግ ደካማ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ሲቀበለው አጉልቶ ነው የሚቀበለው፤ ከሚክሰር የሚወጣው ደግሞ በብዙ እጥፍ ኃይለኛ ነው። ያንን ጠንካራ ሲግናል ደካማ በሚጠብቅ ቀዳዳ ስታስገቡት ድምፁ ገና በሩ ላይ ይሰባበራል፣ ኮምፒውተሩ ላይ ብትቀንሱትም የሚቀነሰው የተሰባበረው ድምፅ ነው። ዴስክቶፕ ላይ ከጀርባ ሰማያዊ ቀለም ያለው "ላይን ኢን" ታገኛላችሁ፤ እሱ ይሆናል። ሮዙ የማይክ ነው፣ አትንኩት።

ላፕቶፕ ከሆነ በዩኤስቢ የሚሰካ ሳውንድ ካርድ ግዙ። ውድ መሆን የለበትም። ቤሪንገር ዩሲኤ 202 የምትባለዋ ትንሽ ዕቃ ብዙ ዲጄ ቦርሳ ውስጥ አለች፦ አርሲኤ ኬብል (ቀይና ነጭ ጫፍ ያለውን) በቀጥታ ትቀበላለች፣ መብራቷን ከዩኤስቢው ትወስዳለች፣ በ16 ቢት እስከ 48 ኪሎኸርዝ ትቀዳለች (ሁለቱም የዲጂታል ቅጂ ዝርዝርነት መለኪያዎች ናቸው)። መግቢያዋ ላይ የጌይን ማዞሪያ ስለሌለ መጠኑን የምታስተካክሉት ሚክሰሩ ላይ ነው። ትንሽ ከፍ ማለት ለሚችል ፎከስራይት ስካርሌት 2አይ2 የመሰለ ካርድ 24 ቢት ይቀዳል፣ ለሁለቱም መግቢያዎች የየራሳቸው ማዞሪያ አላቸው። እሱ ላይ ግን ከአርሲኤ ወደ ትልቁ ጃክ የሚቀይር ኬብል ያስፈልጋችኋል፣ "ኢንስት" የሚለውም ለጊታር ስለሆነ መጥፋት አለበት። የግራውና የቀኙ ማዞሪያ እኩል ቦታ ላይ ይሁኑ፤ ካልሆነ ሙዚቃው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል።

ኬብሉ አጭር ይሁን። ሁለት ሜትር ከበቃ አምስት ሜትር አትዘርጉ። ከመብራት ገመድ ጋርም አብራችሁ አትጠቅልሉት።

ስለ ሸክላ አንድ ነገር። ሸክላ ሲቀረጽ ቤዙ ተቀንሶ፣ ቀጭኑ ድምፅ ተጨምሮ ነው የሚቀረጸው፤ የሚክሰሩ "ፎኖ" መግቢያ ደግሞ ያንን ገልብጦ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። የሸክላ ማጫወቻውን "ላይን" ላይ ከሰካችሁት ድምፁ ደካማና ቀጭን ይሆናል፣ ሲዲጄውን ፎኖ ላይ ከሰካችሁት ደግሞ ይሰባበራል። ከማጫወቻው የሚወጣውን ቀጭን የመሬት ሽቦም ሚክሰሩ ጀርባ ካለው ብሎን ጋር እሰሩት። እ.ኤ.አ. በ1969 ሥራ የጀመረው አምሃ ሪከርድስ ያሳተማቸው ዓይነት ባለ 45 ሸክላዎች ቤታችሁ ካሉ ሚክስ ውስጥ ማስገባቱ ድንቅ ነው፣ መርፌው ንጹህ ሸክላውም የተወለወለ ይሁን ብቻ።

ዋናው ነገር፦ ጌይን

ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይሄን አትርሱ።

ድምፁ የሚጓዝበትን መንገድ አስቡት። ከዘፈኑ ፋይል ይነሳል፣ በቻናሉ ትሪም (የቻናሉ የጌይን ማዞሪያ) ያልፋል፣ በኢኪው (ቤዝ፣ ሚድና ቀጭን ድምፅ ማስተካከያዎቹ) ያልፋል፣ በፌደሩ (ወደ ላይና ወደ ታች በሚንሸራተተው) ያልፋል፣ ከሚክሰሩ ወጥቶ ሳውንድ ካርዱ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ። በእያንዳንዱ በር ላይ ሊሰባበር ይችላል። አንዱ በር ላይ ከተሰባበረ ደግሞ ከሱ በኋላ ያለው በር ላይ ብትቀንሱት ምንም አይጠቅምም፤ ዝቅ ያለ የተሰባበረ ድምፅ ነው የምታገኙት። ስለዚህ ማስተካከል የሚጀመረው ከመጀመሪያው በር ነው።

እንዲህ አድርጉ። የቻናሉን ኢኪው ሦስቱንም መሀል ላይ አድርጉ፣ ፌደሩን እስከ ላይ ክፈቱ። ከዘፈኑ በጣም የሚጮኸውን ቦታ ፈልጉ። መግቢያውን አይደለም፤ አዝማቹ ገብቶ ከበሮውም ቤዙም ነሐሱም አንድ ላይ የሚሰሙበትን ቦታ ነው። እሱ እየተጫወተ ትሪሙን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፣ የቻናሉ መብራቶች አረንጓዴውን ሞልተው ዜሮ አካባቢ እስኪጫወቱ። ብርቱካናማዋ ብልጭ ብትል ችግር የለም። ቀይ ካያችሁ አልፋችኋል፣ መልሱ። ከዚያ የማስተሩን መብራትም እዩ፣ እሱም ቀይ አይነካ።

ሚክሰሩ ከተስተካከለ በኋላ ወደ ኮምፒውተሩ ኑ። የመቅጃ ፕሮግራሙ ላይ ያለው ሜትር ከፍተኛው ጫፉ ከ-12 እስከ -6 ዲቢ (ዴሲቤል፣ የድምፅ መጠን መለኪያ) መሀል እንዲሆን የካርዱን ጌይን አስተካክሉ። ዲጂታል ላይ ዜሮ ጣሪያ ነው፤ ከሱ በላይ ምንም የለም፣ የነካው ሁሉ ይቆረጣል። "ታዲያ ለምን -1 ላይ አንሞላውም?" የሚል ሰው አይጠፋም። ሁለት እኩል የሚጮሁ ዘፈኖች ሲደራረቡ ድምፁ ከ3 እስከ 6 ዲቢ ይጨምራል። ብቻውን ሲጫወት -2 ላይ የነበረ ዘፈን ሌላው ሲመጣበት ጣሪያውን ይመታል፤ የሚበላሽባችሁም ልክ መሻገሪያው ላይ ነው፣ ማለትም እናንተ የሠራችሁት ቦታ ላይ። ባዶ ቦታ መተው ያለባችሁ ለዚህ ነው።

ዝቅ አድርጎ መቅዳት ጥራት ይቀንሳል የሚል ፍርሃት ካላችሁ ተዉት። የ16 ቢት ቅጂ ከጸጥታ እስከ ጣሪያ 96 ዲቢ ያህል ቦታ አለው፣ 24 ቢት ደግሞ በስሌት 144። ከዚያ ውስጥ 6 ወይም 10 ዲቢ ብትተዉ ማንም አይሰማውም። ካርዳችሁ 24 ቢት የሚችል ከሆነ በሱ ቅዱ። 44.1 ኪሎኸርዝ ለዲጄ ሚክስ በቂ ነው፤ 96 ላይ መቅዳት ፋይሉን ከማወፈር በቀር የምታገኙበት ነገር የለም፣ ዘፈኖቹ ራሳቸው አብዛኞቹ 44.1 ናቸውና።

የኛ ሙዚቃ ላይ ደግሞ ጌይን ከሌላውም በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በካሴት ዘመን የተቀዳ ዘፈንና ዘንድሮ የወጣ ዘፈን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ዌቭፎርማቸውን (ስክሪኑ ላይ የሚታየውን የድምፁን ሞገድ ሥዕል) እዩ። የዘንድሮው ከዳር እስከ ዳር ጥቅጥቅ ብሎ ሞልቷል፣ የድሮው መሀል ላይ ቀጭን ሆኖ ይታያል። በተመሳሳይ ትሪም ካጫወታችኋቸው ትዝታው ሲገባ አድማጩ ስልኩን ከፍ ያደርጋል፣ ከዚያ አዲሱ ሲመጣ ጆሮው ይጮህበታል። የድሮውን ከፍ የምታደርጉት በትሪሙ ነው፤ ቤዝና ሚድ በመክፈት አይደለም። ፕሮግራሞቹ ውስጥ ያለው አውቶ ጌይን ይረዳል፣ ግን በጆሯችሁ አረጋግጡ፤ ብዙ ሽሽታ ያለበትን የካሴት ቅጂ ስታነሱት ሽሽታውም አብሮ ነው የሚነሳው። አንድ ሁለት ዲቢ ዝቅ ብሎ ቢቀር ይሻላል።

ሌላው ወጥመድ፣ ሰዓቱ ሲገፋ ጆሮ ይደክማል። ሁሉም ነገር ዝቅ ያለ ይመስላችሁና እያንዳንዱን ዘፈን ካለፈው ትንሽ ከፍ እያደረጋችሁ ትሄዳላችሁ፣ መጨረሻ ላይ መብራቱ ሁሉ ቀይ ሆኖ ቁጭ ይላል። ማመን ያለባችሁ መብራቱን ነው። ለራሳችሁ አልሰማ ካለ የምትሰሙበትን ስፒከር ክፈቱ፣ ትሪሙን አትንኩ።

የዘፈኑ ፋይል ራሱ

ከዩቲዩብ የወረደ ዘፈን በየትኛውም ሚክሰር አይድንም። "320" (የኤምፒ3 የጥራት ቁጥር፣ ኪሎቢት በሰከንድ) የሚል ስም ስለተጻፈበትም አትመኑት፤ 128 የነበረ ኤምፒ3 ወደ 320 ሲቀየር ፋይሉ ይወፍራል እንጂ የጠፋው ድምፅ አይመለስም። ማረጋገጫ አለው። ፋይሉን ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ መቅጃና ማረሚያ ፕሮግራም ክፈቱት፣ ከትራኩ ስም ጎን ካለው ሜኑ ስፔክትሮግራም (ከወፍራም እስከ ቀጭን ያለውን ድምፅ በቀለም የሚያሳየውን) የሚለውን ምረጡ፣ የግራውን መለኪያ እስከ 22 ሺህ ኸርዝ ዘርጉት። እውነተኛ 320 ከሆነ ቀለሙ እስከ 20 ሺህ አካባቢ ይወጣል። 16 ሺህ አካባቢ ላይ በአንድ መስመር ተቆርጦ ከዚያ በላይ ጥቁር ከሆነ ከ128 የመጣ ሳይሆን አይቀርም። የድሮ ቅጂዎች በተፈጥሯቸው ላይኛው ድምፅ ሊያንሳቸው ስለሚችል እነሱን በዚህ ብቻ አትፍረዱባቸው። በተቻለ መጠን ግን ግዙ፣ ዘፋኙን ወይም ያቀናበረውን ልጅ የምታውቁት ከሆነም ዋቩን ጠይቁት፤ ሚክስ ላይ ዘፈኑ እንዲገባለት የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ደስ ብሎት ነው የሚልከው።

ኮምፒውተሩን ማዘጋጀት

ለመቅጃ ኦዳሲቲ ነፃ ነው፣ ከበቂም በላይ ነው። መቅጃ ዕቃው ላይ የዩኤስቢ ካርዳችሁን ምረጡ፤ ሳታዩት የላፕቶፑ ማይክ ተመርጦ ከሆነ የክፍሉን ወሬ ትቀዳላችሁ። ስቴሪዮ መሆኑን አረጋግጡ። "ሶፍትዌር ፕሌይስሩ" የሚለው ይጥፋ፣ ካለበለዚያ ድምፁ ዘግይቶ ተመልሶ ይመጣባችኋል። ዊንዶውስ ላይ የድምፅ ሴቲንግ ውስጥ ያሉትን "ኤንሃንስመንት" የሚባሉ ማሻሻያዎች በሙሉ አጥፉ፤ እነሱ የተሠሩት ለስልክ ወሬ ነው፣ የሙዚቃውን ዳራ እንደ ረብሻ ቆጥረው ይቆርጡታል። ለፕሮግራሞች የማይክ ፈቃድ መሰጠቱንም እዩ፤ ካልተሰጠ የሚቀዳላችሁ ጸጥታ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ኮምፒውተሩ እንዳይተኛ አድርጉ፣ ዋይፋይ አጥፉ፣ ሌላ ፕሮግራም ዝጉ። ካርዱን የዩኤስቢ ማብዣ (ሀብ) ላይ ሳይሆን በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰኩ። ለመቅዳት ብቻ ከሆነ በፈሩን (ኮምፒውተሩ ድምፁን ለጊዜው የሚያቆይበትን ቦታ) 512 ወይም ከዚያ በላይ አድርጉት፤ ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ኮምፒውተሩ ሳይደርስለት ሲቀር ነው። ቦታም ይኑራችሁ፦ በ24 ቢት አንድ ሰዓት ሚክስ ወደ 950 ሜጋባይት ይጠጋል፣ በ16 ቢት 635 ያህል። ኦዳሲቲ ውስጡ በ32 ቢት ስለሚይዘው እየቀዳችሁ ሳለ በሰዓት 1.3 ጊጋ ገደማ ይወስዳል።

ከዚያ አንድ ደቂቃ ቅዱና በሄድፎን ስሙት። የግራውን ኬብል ነቅላችሁ ግራው ጆሮ ዝም ማለቱን፣ ቀኙን ነቅላችሁ ቀኙ ዝም ማለቱን እዩ። ሙዚቃ ሳታጫውቱም ጥቂት ቅዱና ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ አዳምጡ።

"እምምም" የሚል ድምፅ ካለ

ያች ጸጥታ ውስጥ ወፍራም እምምም ከሰማችሁ ከመብራቱ የመጣ ነው። ኢትዮጵያም አውሮፓም መብራቱ 50 ኸርዝ ነው፣ አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ 60፤ የምትሰሙት ያንን ወይም እጥፉን ነው። የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉት። ጠፋ? እንግዲያው ላፕቶፑና ሚክሰሩ በሁለት መንገድ መሬት ላይ ተገናኝተው ነው። በባትሪ ቅዱ። ባትሪው የማይቆይ ከሆነ ሁሉንም ዕቃ አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰኩት፤ አሁንም ካልጠፋ በአርሲኤው መሀል የሚገባ "ግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር" የሚባል ትንሽ ሳጥን አለ። የሶኬቱን የመሬት እግር መቁረጥ ግን በፍጹም። ሰው ይገድላል።

በባትሪ መቅዳት ሌላም ጥቅም አለው። መብራት ሲሄድ ሚክሰሩ ቢጠፋም እስካሁን የቀዳችሁት ይተርፋል። ጄኔሬተር እስኪነሳ መቅጃውን አታቁሙት፣ የተፈጠረውን ባዶ ቦታ በኋላ ትቆርጡታላችሁ። ስልካችሁንም ከኬብሎቹ አርቁት፤ ጥሪ ሊገባ ሲል የሚሰማው ትርትርታ ፋይሉ ላይ ይገባል።

ከቀዳችሁ በኋላ

ኦሪጅናሉን ሳትነኩ አንድ ኮፒ አስቀምጡ። ከዚያ ዌቭፎርሙን አጉልታችሁ የጮኹ ቦታዎችን እዩ፣ እያንዳንዷ ሞገድ ለብቻዋ እስክትታይ ድረስ። ጫፏ ክብ ከሆነ ጤነኛ ነው። ጫፏ ተቆርጦ ለጥ ያለ መስመር ከሠራ ተሰባብሯል፤ አንድ ሁለት ቦታ ከሆነ ይታለፋል፣ ሚክሱን ሙሉ ከሆነ ግን እንደገና ተጫወቱት።

ጤነኛ ከሆነ የሚቀረው ትንሽ ነው። መጀመሪያውንና መጨረሻውን ቁረጡ። አንድ ከበሮ ብቻዋን ዘልላ ወጥታ ከሆነ ሊሚተር (ከወሰን ያለፈን ጫፍ ዝቅ የሚያደርግ ማስተካከያ) በስሱ አድርጉባት፣ ከዚያ ጠቅላላውን ከፍ አድርጋችሁ ጫፉን -1 ዲቢ ላይ አቁሙት። ሙሉ ሚክስ ላይ የሽሽታ ማጥፊያ (ኖይዝ ሪዳክሽን) አታድርጉ፣ የክራሩንና የማሲንቆውን ጣዕም ይዞት ይሄዳል። ቤዝም አትጨምሩ። ድምፁን ጨምቆ ማስጮህም ዋጋ የለውም፤ ዩቲዩብ ከ-14 ኤልዩኤፍኤስ (ጆሮ የሚሰማው አማካይ የድምፅ መጠን መለኪያ) በላይ የጮኸውን ራሱ ዝቅ ስለሚያደርገው የሚቀርላችሁ መጨመቁ ብቻ ነው።

ዋቩን ለራሳችሁ አስቀምጡ፣ ለሰው የምትልኩትን በ320 ኤምፒ3 አውጡ፤ አንድ ሰዓቱ 144 ሜጋባይት ነው። ቴሌግራም እስከ 2 ጊጋ ፋይል ይቀበላል፣ እንደ ፋይል ከላካችሁትም ድምፁን አይነካውም፤ እንደ ድምፅ መልእክት ግን አትላኩት። ሳውንድክላውድ ላይ ከሆነ እሱ ራሱ መልሶ ስለሚጨምቀው ኤምፒ3ውን ሳይሆን ዋቩን ወይም ፍላኩን (ጥራት ሳይቀንስ የተጨመቀ ፋይል) ስጡት።